ታናሹ የያዘው ገመድ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ፣ በወምበርማም ሆነ በደምበጫ፣ አንድ ገበሬ ወይፈን በሚያቀናበት ጊዜ ሁለት ጥሬ ወይፈኖችን በአንድ ቀንበር አይጠምድም። አዲሱን ወይፈን ሥራ ከለመደ፣ ትልም ከሚያውቅ ነባር በሬ ጋር ያጣምረዋል። ነባሩ በሬ መስመሩን ይጠብቃል፤ ወይፈኑ ግን እንዲያው አጠገቡ እየተንገላወደ የሚሄድ እንዳይመስለን። ቀንበሩ በእርሱም ጫንቃ ላይ ነው፤ እርሱ ካልሳበ ሞፈሩ ይጣመማል፣ ትልሙም ይበላሻል። እንግዲህ ወይፈኑ የሚማረው ነባሩን በሬ በማየት ብቻ ሳይሆን የተሰጠው ድርሻ እውነተኛ ድርሻ በመሆኑ ነው።

በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ በመልኩ ከእርሻ የራቀ፣ ለደገኛ ሰውም እንግዳ የሆነ ነው፤ ይኸውም አንድ ጐልማሳና አንድ ልጅ አብረው ተሳፍረው፣ ያለ ሞተር በነፋስ ኀይል ብቻ፣ ከሌሎች ጋር ስለሚሽቀዳደሙበት ስለ ትንሹ መንታ ጀልባ ነው። አንባቢዎቼ ሆይ፥ ፍኖተ ሰላም ላይ ተቀምጦ ስለ ጀልባ ሽቅድምድም ማውራት ምን ይባላል ብላችሁ ፈገግ እንዳትሉ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁት ስለ ገዛ ቤታችሁ የሚናገር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆኑት አንዲት የቡሬ እናት ናቸው። ልጃቸው በእንግሊዝ አገር ትዳር መሥርቶ ይኖራል፤ የልጅ ልጃቸውም 12 ዓመት ሞልቶታል። በቅርቡ አባትየው በስልክ አንድ ፎቶግራፍ ላከላቸው። በፎቶግራፉ ላይ ልጁ ከጀልባው ጠርዝ ውጭ ወጥቶ፣ እግሮቹን በጀልባው ጎን ተክሎ፣ ከወገቡ መታጠቂያ ጋር በተያያዘ ሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ጀርባው ውኃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይታያል፤ አባቱም ከኋላ ተቀምጦ ይሥቃል። እኚህ እናት ፎቶግራፉን አሳይተው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ይህ ልጅን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት አይደለምን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ መሪውን የያዘው አባቱ ከሆነ ልጁ በዚያ ጀልባ ላይ ምን ሥራ አለው? የሚል ነው። ሁለቱም የአስተዋይ ሰው ጥያቄዎች ናቸው፤ ይልቁንም ሁለተኛው የነገሩ ሥር ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

ከዚያ በፊት ግን ጀልባ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አለመሆኑን እናስታውስ። በሰከላ ወረዳ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ጣናም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,780 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ታላቅ ሐይቅ ነው። በዚያ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ዓሣ አጥማጁን፣ እንጨት ሻጩን፣ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሻገረውን ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል ኖሯል። ደንገሉን ዐጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ የማበጀቱም ጥበብ በተለይ በነገደ ወይጦ ቤተ ሰቦች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። የጣና ቀዛፊም ጧት ውኃው ጸጥ እንደሚል፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል እንደሚያመጣ ያውቃል፤ ጉዞውንም በዚያው ልክ ያዘጋጃል።

ይህ የጣና ደንገል ውቅያኖስን ያየበትም ጊዜ አለ። ቶር ሄየርዳል የሚባለው የኖርዌይ ተመራማሪ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ከጣና በተቈረጠ ደንገል «ራ» የተባለች ባለ ሸራ መርከብ አሠርቶ፣ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ አትላንቲክን ለመሻገር ሞከረ። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ የመርከቧ ጅራት ውኃ ውስጥ እየሰጠመ ስለ መጣ ከመድረሻው ሳይደርስ ሊተዋት ግድ ሆነበት። በኋላ ሲመረመር፣ በጥንቱ የግብጽ አሠራር ከፍ ብሎ የታጠፈውን ጅራት ወደ መርከቧ ወለል ወጥሮ የሚይዝ አንድ ገመድ እንደ ነበረ፣ በ«ራ» ላይ ግን ይህ ገመድ እንደ ጐደለ ታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን አግኝቶ የተነሣው ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። በጀልባ ላይ አንዲት ገመድ ከንቱ ጌጥ አለመሆኗን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የቡሬዋ እናት የልጅ ልጅ የሚይዘውም ገመድ እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ጀልባው እንምጣ። ስሙ ካታማራን ይባላል። ቃሉ ከደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የታሰረ እንጨት ማለት ነው። የሰላማዊው ውቅያኖስ ደሴቶች ሰዎችም ሁለት ታንኳዎችን ጎን ለጎን እያሰሩ እጅግ ሩቅ ወደ ሆኑ ደሴቶች ይሻገሩ ነበር። አሠራሩን ለማሰብ ከፈለጋችሁ ጥማድ በሬዎችን አስቡ፤ ሁለት ቀጫጭንና ረዣዥም ጀልባዎች ተራርቀው ይቆማሉ፣ ከፊትና ከኋላም እንደ ቀንበር ያለ አግዳሚ ያያይዛቸዋል። በመካከላቸው እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥሮ የታሰረ ጨርቅ አለ፤ ሰዎቹ የሚቀመጡት በዚያ ላይ ነው። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ምሰሶ ይቆማል፣ ሸራውም በምሰሶው ላይ ይሰቀላል።

የዚህ ጀልባ ፍጥነት ምንጩ እንደሚከተለው ነው። ነፋስ ሸራን በጎን ሲመታው ጀልባውን ወደ ፊት እንደሚገፋው ሁሉ ሊገለብጠውም ይሻል። ባለ አንድ አካል የሆነው ትልቅ የሸራ ጀልባ እንዳይገለበጥ ከሥሩ ብረት ወይም እርሳስ ይሸከማል፤ ስለሚከብድም ይዘገያል። መንታው ጀልባ ግን እግሩን አንፈራጦ እንደ ቆመ ሰው ስለሆነ እርሳስ አያሻውም። ቀጭን ስለሆነም ውኃውን እንደ ቢላዋ እየሰነጠቀ ያልፋል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ የሆነው ሆቢ 16 ርዝመቱ 5 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 145 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም ከአንድ ኩንታል ተኩል ያነሰ ማለት ነው። የሸራዎቹ ስፋት ግን በድምሩ ወደ 20 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1876 ናትናኤል ሄረሾፍ የሚባለው አሜሪካዊ የጀልባ መሐንዲስ «አማሪሊስ» የተባለችውን መንታ ጀልባውን ይዞ ኒው ዮርክ ላይ ለውድድር ቢቀርብ ሁሉንም ቀደማቸው፤ ተወዳዳሪዎቹም ይህችስ ጀልባ አይደለችም ብለው ስለ ተቃወሙት ሽልማቱ ተከለከለ። ይሁን እንጂ ጊዜ ዳኛ ነውና ቶርናዶ የሚባለው መንታ ጀልባ ከ1976 እስከ 2008 ድረስ በኦሎምፒክ ውድድር ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

እርሳስ በሌለው ጀልባ ላይ ሚዛን የሚሆነው ምንድን ነው? ቢባል የሰው ገላ ነው። ነፋሱ በበረታ ቍጥር ሰዎቹ ነፋስ ወደሚመጣበት ወገን እየወጡ በክብደታቸው ጀልባውን ይጫኑታል። ትራፒዝ የሚሉት፣ ከምሰሶው ላይኛ ክፍል የሚወርደው ሽቦ የተበጀው ለዚህ ነው። እንግዲህ በፎቶግራፉ ላይ የታየው ልጅ የተንጠለጠለው ለጨዋታ ወይም ለታይታ አልነበረም፤ ጀልባው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ እርሱ ነበር።

ከሚዛንነቱ በላይ ግን ሌላ ሥራ አለው። በዚህ ዓይነት ጀልባ ላይ ሁለት ሸራዎች ይሰቀላሉ። ትልቁ ከምሰሶው በስተ ኋላ ነው፤ ትንሹና ጂብ የሚባለው ከምሰሶው በስተ ፊት ነው። መሪውንና የትልቁን ሸራ ገመድ በተለመደው አሠራር የሚይዘው ታላቁ ነው። የጂብ ገመድ ግን የረዳቱ ነው። አንዳንድ ትናንሽ መንታ ጀልባዎች፣ ለምሳሌ ያህል በእንግሊዝ አገር በብዛት የሚታየው ስፕሪንት 15 የሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲሳፈርባቸው ያለ ጂብ በትልቁ ሸራ ብቻ ይሄዳሉ፤ ሁለት ሰው ሲሳፈርባቸው ደግሞ ጂቡ ሊጨመር ይችላል። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰው ሲጨመር ሸራ ተጨመረ፤ ክብደት ያመጣ ሰው ኀይልም ይዞ መጣ። ልጁን እንደ ጓዝ አስቀምጦ ጂቡን ያለመስቀልም ይቻል ነበር፤ እንዲህ ቢሆን ግን ልጁ ለጀልባው ሸክም፣ ጀልባውም ለልጁ ማስለቀሻ በሆነ ነበር።

ጂብ ምን ይሠራል? አንደኛ፥ ነፋሱን ሰብስቦ በሁለቱ ሸራዎች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት እያሳለፈ ትልቁ ሸራ በሚገባ እንዲሠራ ያግዘዋል። ሁለተኛው ጥቅሙ ግን የሚታየው በመዞሪያ ላይ ነው። ማንም የሸራ ጀልባ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ ሊሄድ አይችልም። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ ዳገቱን በቀጥታ እንደማይወጣው፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየተጠመዘዘ እንደሚወጣው፣ ጀልባውም ነፋሱን እንዲሁ በመጠምዘዝ ይወጣዋል። በየመታጠፊያውም አፍንጫውን በነፋሱ ፊት አሳልፎ ወደ ሌላው ወገን ማዞር አለበት።

መንታ ጀልባ ደግሞ በዚህ ስፍራ ደካማ ነው። ሁለቱ ቀጫጭን አካላት ቀጥ ብሎ መሄድን እንጂ መዞርን አይወዱም፤ ቀላል ስለሆነም በሩጫው ብቻ ተገፍቶ መዞሪያውን አይጨርስም። በመካከሉ ፍጥነቱን ይጨርስና አፍንጫውን ወደ ነፋስ አድርጎ ቀጥ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያች ጊዜ ያለው መድኀኒት ጂቡ ነው። ረዳቱ የጂቡን ገመድ ወዲያው አይለቅም፤ ሸራው በቀድሞው ወገን እንደ ተወጠረ ጥቂት ያቆየዋል። ነፋሱም የሸራውን ጀርባ መትቶ የጀልባውን አፍንጫ ወደ አዲሱ አቅጣጫ ይገፋዋል። አፍንጫው ነፋሱን እንዳለፈ ረዳቱ የያዘውን ገመድ ይለቅና የሌላውን ወገን ገመድ ይስባል። ቀድሞ ከለቀቀ ጀልባው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዘግይቶ ከለቀቀ ጀልባው ከሚገባው በላይ ዞሮ ይቆማል። ጠቅላላው ነገር የጥቂት ሰከንዶች ነው።

በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ አባትየው ምን ያደርጋል? እርሱ ከሸራው ሥር አጎንብሶ ወደ ማዶው ወገን እየተሻገረ፣ የመሪውን እጀታ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እያዛወረ ነው። ዐይኑ በጂቡ ላይ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ገመዱ የሚለቀቅበትን ቅጽበት የሚያውቅ ከልጁ በቀር ሌላ ሰው የለም። አርባ ዓመት የሞላው ሰው 12 ዓመት የሆነውን ልጅ የሚጠብቅበት፣ በልጁም ፍርድ የሚያድርበት ስፍራ በጀልባዋ ላይ አለ ማለት ነው። በብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ያለ ስፍራ ይገኛልን?

ሌሎችም ሥራዎች አሉት። የጀልባ ውድድር የሚጀመረው በምልክት ነው። ከመነሻው 5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 4 ደቂቃ፣ ቀጥሎም 1 ደቂቃ ሲቀር ምልክት ይሰጣል፤ ጊዜውን እየቈጠረ ለአባቱ የሚነግረው ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነው። በሸራው የተጋረደውን ወገን አጮልቆ እያየ የሚመጣ ጀልባ መኖሩን የሚናገርም እርሱ ነው፤ በደንቡ መሠረት ነፋስን በግራ ጎኑ የሚቀበል ጀልባ በቀኝ ጎኑ ለሚቀበለው መንገድ መልቀቅ አለበትና። ጥፋት ያደረሰ ጀልባም በራሱ ዙሪያ ዞሮ ቅጣቱን ይፈጽማል። እንግዲህ ልጁ እውነቱን በጊዜው ካልተናገረ ሁለቱም ይቀጣሉ።

የልጁን ክብደት በተመለከተም አንድ ቃል ልጨምር። ቀላል ረዳት በለሆሳስ ነፋስ ጊዜ በረከት ነው፤ ጀልባው ከከባዶቹ ቀድሞ ይነቃነቃል። ነፋሱ ሲበረታ ግን ያው ቀላልነት ጉድለት ይሆናል፤ ሚዛኑ ስለሚያንስ ሸራውን ማላላትና ኀይልን ማባከን ግድ ይሆናል። በአንዳንድ የጀልባ ዓይነቶች ውድድር ላይ የሁለቱ ሰዎች ክብደት ከተወሰነው በታች ከሆነ ተጨማሪ ክብደት እንዲሸከሙ ይታዘዛል። ልዩ ልዩ ጀልባዎች አብረው በሚወዳደሩበትም ስፍራ ለየጀልባው በተመደበለት ቍጥር ጊዜው ይስተካከላል። ስለዚህ አባትና ልጅ ከፊታቸው ያለውን ሁሉ ባይቀድሙም የገዛ ራሳቸውን ያለፈ ሳምንት ውጤት እየለኩ መሻሻላቸውን ማወቅ ይችላሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ አደጋው እንመለስ። አደጋ የለም ብሎ እናትን ማጽናናት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። መንታ ጀልባ ይገለበጣል። በብርቱ ነፋስ ሲሮጥ ነፋስ በሌለበት ወገን ያለው አፍንጫው ውኃ ውስጥ ጠልቆ ኋላው ወደ ፊት ሊገለበጥም ይችላል፤ ይህ እንዳይሆን ሁለቱም ሰዎች በጊዜው ወደ ኋላ መሸሽ አለባቸው። የተገለበጠ ጀልባ የሚነሣው ሰዎቹ በታችኛው አካል ላይ ቆመው፣ በላይኛው በኩል የሚመጣውን ገመድ ይዘው፣ ወደ ኋላ ተንጋለው በክብደታቸው ሲስቡት ነው። ቀላል የሆኑ ሰዎች ይህን ማድረግ ሊያቅታቸው ይችላል። የእንግሊዝ አገር ውኃም ቀዝቃዛ ነው፤ ዋና ለሚችል ሰው እንኳ ብርዱ ኀይሉን ቶሎ ይነጥቀዋል።

ስለዚህ ልጅን ይዞ የሚወጣ አባት ሊጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ልጁ ዋና የሚችል፣ በልኩ የተሠራ የመንሳፈፊያ ሰደርያ የለበሰ፣ ከብርድም የሚከላከል ልብስ ያለው ይሁን። ሁለቱ ብቻቸውን የተገለበጠውን ጀልባ ማንሣት መቻላቸው ጸጥ ባለ ቀን፣ በባሕሩ ዳር፣ አስቀድሞ ይፈተን። በውድድሩ ቀን የነፍስ አድን ጀልባ በአጠገብ ይኑር። ልጁም ቢወድቅ ከጀልባው እየዋኘ እንዳይርቅ፣ ጀልባውን ይዞ እንዲቆይ ደጋግሞ ይማር። ነፋሱ ከልጁ ዐቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ሳይወጡ መቅረት ሽንፈት ሊባል አይገባውም፤ የጣናው ቀዛፊ ከቀትር በኋላ ታንኳውን ከውኃ ቢያወጣ ፈሪ የሚለው የለምና።

ከአደጋው ሌላ ለአባትየው የሚከብደው ነገር ገመዱን ያለመንጠቅ ነው። ልጁ አንድ ጊዜ ቀድሞ ይለቃል፣ ጀልባው ይቆማል፣ ሌሎቹ እያለፉ ይሄዳሉ። በዚያች ጊዜ መጮኽና ገመዱን ከልጁ እጅ መቀማት ይመጣል። የቀማ አባት ያችን መዞሪያ ምናልባት ያተርፍ ይሆናል፤ ረዳቱን ግን ያጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሸራውን መመልከት ትቶ የአባቱን ፊት ይመለከታልና። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ይዞ ሲመጣ መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ መልሶም ይሰዳል፤ ተቀምጦ ግን በተማሪው ፈንታ አይቈጥርለትም። የተዋሰ ቅኔ ተማሪውን ባለ ቅኔ አያደርገውምና።

ታላቁ በታናሹ ላይ ማደሩ የታላቁን ክብር እንደማይቀንስ የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሎምፒክ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው የሚወዳደሩበት ናክራ 17 የተባለ መንታ ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የአርጀንቲናው ሳንቲያጎ ላንጌ ነበር። ዕድሜው 54 ዓመት ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊትም በካንሰር ምክንያት ከሳንባው ከፊሉ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ነበር። ረዳቱ ሴሲሊያ ካራንሳ በ25 ዓመት ታንሰዋለች። እርስዋ በ2008 እና በ2012 ኦሎምፒክ ብቻዋን በምትነዳ ጀልባ የተወዳደረች ስለሆነች መሪ መያዝን የምታውቅ ናት፤ ሆኖም የረዳትነቱን ስፍራ ወሰደች። በመጨረሻው ውድድር ቅጣት ደረሰባቸው፣ ቅጣቱንም ፈጽመው ቀጠሉ፤ በመጨረሻም ተከታዮቻቸውን በ1 ነጥብ ብቻ በልጠው ወርቁን አገኙ። የላንጌ ሁለት ልጆችም በዚያው ኦሎምፒክ በሌላ ጀልባ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። በ1 ነጥብ በተገኘ ድል ውስጥ የትኛው ነጥብ የመሪው፣ የትኛው የረዳቱ እንደ ሆነ ማን ሊለይ ይችላል?

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚሆን አንድ መለኪያ ማውጣት ይቻላል። ለልጅ የሚሰጥ ሥራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ እውነተኛ ይሁን፣ በዐቅሙ የተለካ ይሁን፣ አጠገቡም ጠባቂ ይኑር። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ወይ ጨዋታ ይሆናል፣ ወይ ጭካኔ ይሆናል።

የገጠር ቤታችን በመጀመሪያው አይታማም። የባላገር ልጅ በጨቅላነቱ ጥጃ እንዲጠብቅ ይሰጠዋል፤ ጥጃው እናቱን ጠብቶ ቢገኝ ማታ ወተት እንደማይኖር ያውቃል፣ ሥራውም እውነተኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጐድለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ከትምህርቱ ቀርቶ ቀኑን ሁሉ ከብት እንዲከተል የተደረገ ልጅ፣ ወይም ክረምት ሲገባ የሞላ ወንዝ ብቻውን እንዲሻገር የተላከ ልጅ፣ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ገመድ ያለ ጠባቂ ተሰጥቶታል። የእንግሊዙን ልጅ ጀልባ አይተን ከመደንገጣችን በፊት የብርንና የፈጣምን ሙላት የሚሻገሩትን የራሳችንን ልጆች ማሰብ ይገባናል፤ እነርሱ መንሳፈፊያ ሰደርያም፣ ነፍስ አድን ጀልባም የላቸውም።

የከተማ ቤታችን ደግሞ በተቃራኒው ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የምናሳድጋቸው ልጆች ጥበቃ አላቸው፣ ልብስና ደብተርም አላቸው፤ የጐደላቸው እውነተኛ ሥራ ነው። አባት ይገዛል፣ እናት ታሰናዳለች፣ ልጁ በተዘጋጀው ላይ ይቀመጣል። ትምህርቱንም እንኳ አባት በፈንታው ሊሠራለት ይሻል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ገመድ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ለገበያ ቀን የተመደበውን ገንዘብ እርሱ ይያዝ፣ ሒሳቡንም ማታ በቤተ ሰቡ ፊት ያቅርብ፤ ከተሳሳተም የሚጐድለው እውነተኛ ጨው፣ እውነተኛ በርበሬ ይሁን። የአያቱን የሐኪም ወረቀት እያነበበ መድኀኒታቸውን በሰዓቱ የሚያስታውሰው እርሱ ይሁን፤ እናቱ ከኋላ ሆና ትጠብቀው እንጂ አትቅደመው። ታላቅ እንግዳ ሲመጣ የመቀበሉና የማስተናገዱ ነገር በአንድ በኩል የእርሱ ይሁን። ሥራው ትንሽ መሆኑ አያስነውርም፤ ጂብም ከሁለቱ ሸራዎች ትንሹ ነው።

ለቡሬዋ እናት የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። እናቴ ሆይ፥ ለልጅዎ ሲደውሉ አይቈጡት፤ ሦስት ነገር ግን ይጠይቁት። ጀልባው ቢገለበጥ እናንተ ሁለታችሁ ብቻችሁን ማንሣታችሁን ፈትናችኋል ወይ? በሉት። ነፋሱ ሲበረታ የምትቀሩበት ልክ አላችሁ ወይ? በሉት። ልጁ ገመዱን ሲሳሳት ትቀማዋለህ ወይስ ትታገሠዋለህ? በሉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያለ ማመንታት ከመለሰ ስለ ልጁ ሕይወት እንደሚያስብ ይወቁ። በሦስተኛው ላይ ጥቂት ዝም ካለ ደግሞ አይዘኑበት፤ ብዙ አባቶች በዚያ ጥያቄ ላይ ዝም እንላለን።

ከዚያም ስልኩን ለልጁ እንዲሰጠው ያድርጉና፣ ገመዱን የምትለቅበትን ቅጽበት በምን ታውቀዋለህ? ብለው እርሱን ራሱን ይጠይቁት። አባቴ ሲነግረኝ ካለ ገና ተሳፋሪ ነው። ስለ ሸራው፣ ስለ ነፋሱና ስለ አፍንጫው አቀማመጥ በገዛ ቃሉ መተረክ ከጀመረ ግን፣ የሚናገረው ሁሉ ባይገባዎትም፣ አባቱ እውነተኛ ሥራ ሰጥቶት እንደሚያሳድገው ይወቁና ይመርቁት።